በቤት የታተመ የሻንጣ መለያ እስከ ካቢን በር ድረስ፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በመርከብ ልትጓዝ የተዘጋጀች አንዲት እህታችን በቤቷ ያተመችውን የሻንጣ መለያ ፎቶግራፍ አንስታ «ይህ ወረቀት በእውነት እስከ ክፍሌ ይደርሳል?» ብላ ጠየቀች። ከእርሷ በኋላ ጥያቄው በዛ፤ ስለዚህ ሁሉንም እዚህ በአንድ ላይ ልመልስ። የምኖረው በሜሪላንድ ነው። አንዳንዴ ከባልቲሞር፣ አንዳንዴ ከፍሎሪዳ ወደቦች እየተነሣሁ አሥራ አንድ ጊዜ በመርከብ ተጉዣለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር።

ለአዲሶች ያህል፦ አብዛኞቹ የመርከብ ሽርሽር ኩባንያዎች ተጓዡ በኢንተርኔት ከተመዘገበ በኋላ የሻንጣ መለያውን ራሱ እንዲያትም ያደርጋሉ። በወረቀቱ ላይ የተጓዡ ስም፣ የመርከቡ ስም፣ የመነሻው ቀን፣ የክፍሉ ቁጥርና ብዙ ጊዜ ባርኮድ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ የምገባ ይመስለኝ ነበር። መለያው ለምን ያን ያህል ያስፈልጋል?

ትንሽ ሻንጣ ከሆነ ይዘሽው መግባት ትችያለሽ። ትልቁን ግን ከመኪና እንደወረድሽ በወደቡ በር የቆሙት ሠራተኞች ይቀበሉሻል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አታዪውም። በትልቅ የብረት ጋሪ ላይ ከሌሎች ሻንጣዎች ጋር ይደረደራል፣ በኤክስሬይ ያልፋል፣ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል፣ በየፎቁ ይለያል፣ ከዚያ የክፍል አስተናጋጆች በርሽ ላይ ያኖሩታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ሻንጣው የማን እንደሆነ የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዣት የሄድኩ ጊዜ መለያዎቹን አጥፌ በአንድ የስቴፕለር ሽቦ ብቻ መትቼ ሰጠሁ። የእኔ ደረሰ፤ የእርሷ አልደረሰም። የስኳር መድኃኒቷ ደግሞ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ባለቤታቸው ያልታወቀ ሻንጣዎች በሚቀመጡበት ሥፍራ ያገኘነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ መለያው ከእጀታው ላይ ተቀድዶ ጠፍቷል። ለይተን ያወቅነው እናቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለት ቀድዳ እጀታው ላይ አስራበት ስለነበር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር እንደ ቀላል አይቼው አላውቅም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ እንዴት እንሰር? ደረጃ በደረጃ ንገሪን።

በመጀመሪያ ስለ መቀደዱ ምክንያት ልናገር፤ ምክንያቱ ከታወቀ ዘዴው ራሱ ይመጣል። ወረቀቱ በመሐሉ አይቀደድም። የሚቀደደው በእጀታው ዙሪያ በሚዞርበት ቦታና ሽቦው በተመታበት ቦታ ነው። ሻንጣ በሻንጣ ላይ ሲጫን፣ ሲጎተት፣ ሲወረወር ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው።

ስለዚህ በፋይሉ ላይ በተሰመሩት መስመሮች እጠፉት፤ ብዙውን ጊዜ አራት ድርብ የሆነ ረጅም ቁራጭ ይወጣዋል። በእጀታው ላይ ከማዞራችሁ በፊት ቁራጩን በሙሉ፣ ፊትና ጀርባውን፣ በካርቶን ማሸጊያ ግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። 48 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው ጥቅልል ይበቃል። ባርኮዱ ላይ ፕላስተሩ እንዳይጨማደድና የአየር እብጠት እንዳይኖረው በጥፍራችሁ ደልድሉት፤ ማንበቢያው መሣሪያ የሚቸገረው በጭምድዱ ነው። በእጀታው ዙሪያ የሚዞረውን ክፍል አንድ ጊዜ ተጨማሪ ፕላስተር አልብሱት።

አሁን በእጀታው አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙና ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስቴፕለር ምቱ። ሽቦዎቹን በአንድ መስመር አትደርድሯቸው። በአንድ መስመር ከሆኑ ወረቀቱን እንደ ቴምብር ዳር ይበሱትና በዚያው መስመር ይቀደዳል። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ፣ አንዱን አግድም፣ ሌላውን ሰያፍ አድርጉ። በመጨረሻ የሽቦዎቹን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ። ይህ ለጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ያንን ሻንጣ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሻንጣ የሚያነሣ ሰው በባዶ እጁ ሊይዘው ይችላል፣ እጁን ልንወጋው አይገባም።

የቀለበቱንም ልክ አስተውሉ። በጣም ጠብቆ እጀታው ላይ ከተጣበቀ ሰው ሲያነሣው ይቀድደዋል፤ በጣም ከላላ በጋሪው ብረት ላይ ይሰካል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ዚፕ ያላቸውን የፕላስቲክ ከረጢቶች ልግዛ ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

በዓመት አንድ ጊዜም ብትሄድ ግዛቸው። ግልጽ፣ ወፍራም፣ በቀጭን የብረት ገመድ የሚታሰሩትን ማለቴ ነው። ዝናብ አይገባባቸውም፣ ለሚቀጥለው ጉዞም ያገለግላሉ። ነገር ግን የየኩባንያው መለያ ልኩ ይለያያል፤ አንዱ ጠባብና ረጅም ነው፣ ሌላው ሰፋ ይላል። መጀመሪያ አትም፣ እጠፍ፣ በማስመሪያ ለካ፣ ከዚያ ግዛ። የብረት ገመዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቀው፤ ሻንጣው ሲንቀጠቀጥ የሚፈታው እርሱ ነው። እኔ ከብረት ገመዱ በተጨማሪ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበትን ባለጥርስ የፕላስቲክ ማሰሪያ እጨምርበታለሁ። ለማስወገድ የጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ግን የጥፍር መቁረጫውን በእጅ ቦርሳህ ያዘው፣ በታሰረው ሻንጣ ውስጥ አትተወው።

ጥያቄ፦ በላሚኔት፣ ማለትም በሙቀት በሚጣበቅ ግልጽ ፕላስቲክ፣ ባስለብሰውስ?

ይሆናል። ቀዳዳውን ግን ከጫፉ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገባ አድርጊው፤ ጫፍ ላይ የተበሳ ላሚኔት ከተራ ወረቀት አይሻልም። የክፍል ቁጥሩ ከተለወጠም እንደገና መሥራት ይኖርብሻል።

ጥያቄ፦ የትኛው እጀታ ላይ ነው የሚታሰረው? የእኔ ሻንጣ ሦስት እጀታ አለው።

ተስቦ የሚወጣው የብረት እጀታ ላይ በፍጹም አትሰሩ። ሠራተኛው ሲከተው መለያውን ይዞት ይገባና ይቆርጠዋል። በላይ በኩል ያለው፣ ከሻንጣው ጋር የተሰፋው ወይም በብሎን የታሰረው አጭር እጀታ ትክክለኛው ነው። የዚፑ መጎተቻም ላይ አትሰሩ። ሻንጣው ለፍተሻ ቢከፈት መለያው ይቆረጣል፣ መልሶ የሚያስረውም ሰው ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛ ኮፒ አትማችሁ በሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ሁሉ በላይ አኑሩ። የስልክ ቁጥራችሁን ጻፉበት። የውጭው ቢጠፋ ከፍተው የሚያዩት ይህንን ነው። ጥለት፣ ቀይ ክር፣ ደማቅ ሪባን፣ ያላችሁን ምልክት ደግሞ ጨምሩ፤ ሁሉም ሻንጣ ጥቁር በሆነበት አዳራሽ ውስጥ ዓይን የሚያርፈው ምልክቱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያለው ፕሪንተር በቀለም ውኃ የሚያትም ነው። ችግር አለው?

ዝናብ ካገኘው አለው። በቀለም ውኃ የታተመ ጽሑፍ ሲረጥብ ይሟሟል፤ በሌዘር የታተመው ግን የቀለሙ ዱቄት በሙቀት ስለተጣበቀ አይሟሟም። በፈረንጆች በጋ የፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገት ነው የሚወርደው፣ ጋሪዎቹ ደግሞ ወደብ ላይ በግልጽ ሜዳ ሊቆሙ ይችላሉ። ፕላስተር ወይም ከረጢት ካለው አትጨነቂ። ፕሪንተር የሌላችሁ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም ባደራችሁበት ሆቴል አትሙ። ባለቀለም ህትመት ከተቻለ ይመረጣል፣ ምክንያቱም በአንዳንድ ኩባንያ ቀለሙ ሻንጣው ወደ የትኛው የመርከቡ አካባቢ እንደሚሄድ ያመለክታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ በመለያው ላይ ያለን የመጨረሻ ስም የተለያየ ነው፤ የልጆቹ ደግሞ የአባታቸው ስም ነው። ሻንጣዎቻችን ይለያዩ ይሆን?

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ ጭንቀቱም ይገባኛል። በአንድ ቤት አራት ሰው፣ በወረቀቱ ላይ ግን ሁለትና ሦስት «የቤተሰብ ስም»።

አይለያዩም፤ ሻንጣውን የሚመራው የክፍሉ ቁጥር ነው። በድሮ ዘመን ቢሆን ኖሮ ግን እውነተኛ ችግር ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አትላንቲክን ያቋርጡ የነበሩ ትላልቅ መርከቦች በየሻንጣው ላይ የተጓዡን የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ ይለጥፉ ነበር፤ መርከቡ ሲደርስም ሻንጣው በወደቡ አዳራሽ በየፊደሉ ሥር ይደረደር ነበር። በጉዞው ላይ የማይፈለግ ሣጥን ደግሞ «በጉዞው የማይፈለግ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወደ ዕቃ ማከማቻው ይወርድ ነበር። ያኔ ባልና ሚስት በእኛ አጠራር ቢሄዱ ኖሮ አንዳቸው ከአዳራሹ ጥግ ሌላቸው ከሌላው ጥግ ሻንጣ ይፈልጉ ነበር።

አሁን ማድረግ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። ስሙ ቲኬቱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ በእጃችሁ አታስተካክሉት። ሁለት ክፍል ከያዛችሁ ደግሞ የልጆቹ ልብስ ያለበት ሻንጣ ልጆቹ በሚያድሩበት ክፍል ቁጥር መታተሙን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ወደ ማያሚ በአውሮፕላን ሄጄ ነው መርከቡ ላይ የምሳፈረው። መለያውን ከቤት አስሬው ልሂድ?

ወረቀት ከሆነ አይሆንም፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ማጓጓዣ ላይ ሊቀደድ ይችላል። ታጥፎና ተለብጦ በእጅ ቦርሳህ ይሁን፣ ትንሽ ስቴፕለርም ጨምርበት። በማረፊያህ ሆቴል ወይም ወደቡ በር ላይ እሰረው። ከዚያ በፊት የአየር መንገዱን ተለጣፊዎች ሁሉ፣ ትናንሾቹንም ጭምር፣ ልጣቸው። አንድ ሻንጣ ላይ ሁለት ባርኮድ መኖሩ ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ የክፍል ቁጥራችን ገና አልተሰጠንም። ከታተመ በኋላ ቢለወጥስ?

ከተለወጠ እንደገና አትሙ። ጊዜ ከሌለ የድሮውን ቁጥር ሰርዛችሁ አዲሱን በወፍራም ውኃ የማይፈታው ማርከር ጻፉ። ምንም ካልታተመ በወደቡ በር ያሉት ሠራተኞች ባዶ መለያ አላቸው፤ ቁጥራችሁን ነግራችኋቸው በእጅ ይጽፉላችኋል። ስትጽፉም ሆነ ስታጽፉ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ለአንድ ሻንጣ ጥቂት ዶላር ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው፣ ሥራቸውም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ከባርሴሎና እንነሣለን። ወረቀታችን ኤ4 ነው፤ ፋይሉ የአሜሪካን ልክ ይመስላል።

ኤ4 በስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል። ሲያትሙ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለውን ይምረጡ፤ ያን ያህል መቀነስ ባርኮዱን አይጎዳውም። ግማሽ ያህል ማሳነስ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ እናቴ ጀበናዋን፣ ዕጣኗንና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሻንጣው ውስጥ ልክተት ትላለች። መለያው በደንብ ከታሰረ ይደርሳል አይደል?

መለያው ቢደርስም ሻንጣው ላይደርስ ይችላል። ምድጃ፣ ዕጣን፣ ሻማና የልብስ ካውያ በትላልቆቹ ኩባንያዎች የተከለከሉ ናቸው፤ በመርከብ ላይ ከእሳት የከፋ ነገር የለም። በኤክስሬይ ከታየ ሻንጣው ተለይቶ ይያዛል፣ እናትሽ መጥተው እንዲከፍቱ ይጠራሉ፣ ዕቃው እስከ ጉዞው መጨረሻ ይቀመጣል። በቤት የተሠራ ምግብም በብዙዎቹ አይፈቀድም። ስኒዎቹን ይዘው ይምጡና ከመርከቡ ቡና ቀድተው ልጆቹን ሰብስበው ይጠጡ፤ የእኔ እናት እንዲህ ነው የምታደርገው፣ ደስ ብሏት።

ጥያቄ፦ ማታ ሆኖ ሻንጣዬ ካልመጣ ምን ላድርግ?

እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ አይደንግጡ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሻንጣ ነው የሚታደለው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የጎረቤት በሮችን ይመልከቱ፣ ከዚያ የክፍል አስተናጋጅዎን ይጠይቁ፣ ከዚያ ወደ እንግዳ መቀበያው ይውረዱ። ሻንጣውን ከመስጠትዎ በፊት ከነመለያው ፎቶግራፍ ካነሡት ማስረዳቱ ቀላል ይሆናል። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ መነጽርና አንድ ቅያሪ ልብስ ግን በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። መለያው ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን መድኃኒት በእርሱ ላይ አይታመንም፤ ይህን የምለው በእናቴ ላይ ያየሁትን ይዤ ነው።

ጥያቄ፦ ስንመለስስ ያው መለያ ያገለግላል?

አያገለግልም። በመጨረሻው ማታ መርከቡ ራሱ ቁጥር ወይም ቀለም ያለው ሌላ መለያ ይሰጣችኋል፤ ወደብ ስትወርዱ አዳራሹ ውስጥ ሻንጣችሁን የምታገኙት በዚያ ቁጥር ሥር ነው። የመጀመሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አዲሱን በዚያው አጭር እጀታ ላይ እሰሩ። ሻንጣውን ኮሪደር ላይ አውጡ የሚባለው ብዙ ጊዜ እስከ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ያ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት መሆኑን ለወላጆቻችሁ አስረዱ። በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ የነገ ልብስና ጫማ ከሻንጣው ውጭ መቅረቱን እዩ። ከአንድም ሁለት ጊዜ ጠዋት ላይ በሌሊት ልብስና በነጠላ ጫማ ከመርከብ የሚወርድ ሰው አይቻለሁ።