ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ሆኛለሁ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ እሠራለሁ። ባለትዳርና የአንዲት የ6 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ሥራ ቦታ ትዕግሥተኛ ነው እባላለሁ። ደንበኛ ቢሰድበኝ እንኳ «እሺ ጌታዬ» ብዬ አሳልፋለሁ። ቤት ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ። በትንሽ በትልቁ ግልፍ ይለኛል። ባለፈው ሰኞ ማታ ልጄ ምንጣፉ ላይ ሻይ ስትደፋ ብርጭቆውን አንስቼ ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። እሷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ባለቤቴንም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ገፍትሬአታለሁ። በኋላ ጸጸቱ እንቅልፍ ይነሳኛል። እሷ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ፤ ማታ ለጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ እጠጣለሁ። አባቴም እንደዚሁ ቁጡ ነበር። ዘመዶቼ «በደሙ ነው» ይላሉ። እውነት በደሜ ነው? በሽታ ከሆነስ መድኃኒት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ጠረጴዛ ሥር የገባችው ልጅ ከዓይኔ አልጠፋችም። ስለ እሷና ስለ ባለቤትዎ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ የጠየቁኝን ልመልስ።

«በደሙ ነው» የሚለው አባባል ጥቂት እውነት አለበት። ግልፍተኝነት በዘር በከፊል ይወረሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሀን ብሩነር የተባሉ የኔዘርላንድስ ሐኪም አንድ ቤተሰብ አጥንተው ነበር። በቤተሰቡ ውስጥ ያሉ በርካታ ወንዶች በድንገት የሚነድዱና ሰው ላይ የሚነሱ ነበሩ። ሰዎቹ ማኦኤ የሚባለው ጂን ተበላሽቶባቸው ነው። ይህ ጂን እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካሎች የሚያፈርስ ኢንዛይም ያሠራል። ነገር ግን እንደዚያ ያለ ሙሉ ብልሽት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ቤተሰቦች ላይ ብቻ ነው የታየው። የብዙ ሰው ጂን ኢንዛይሙን በዛ ወይም አነስ አድርጎ ከማሠራት አያልፍም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅምዎት በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ደኒደን በምትባል ከተማ የተወለዱ ልጆችን ተመራማሪዎች ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ተከታተሏቸው። ኢንዛይሙን አሳንሶ የሚያሠራው ጂን ያላቸውና በልጅነታቸው የተደበደቡ ወንዶች አድገው ጠበኛ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ያው ጂን ኖሯቸው ሳይደበደቡ ያደጉት ግን እንደዚያ አልሆኑም። ስለዚህ ከአባትዎ የወረሱት ደም ብቻ አይደለም። የአባትዎን ቤት ጭምር ነው። ደሙን መቀየር አንችልም። ልጅዎ የምታድግበትን ቤት ግን እርስዎ ይቀይሩታል።

ስለ ወንዴው ሆርሞን ስለ ቴስቶስትሮንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የዙሪክ ተመራማሪዎች ለሴቶች አንዳንዶቹን ቴስቶስትሮን፣ ሌሎቹን ሆርሞን የሌለበት ማስመሰያ ሰጥተው ገንዘብ አካፍሉ አሏቸው። ሆርሞኑን የወሰዱት ይበልጥ ፍትሐዊ ሆኑ። ይበልጥ የሰሰቱትስ እነማን ነበሩ? የወሰዱት ምንም ይሁን ምን፣ «ቴስቶስትሮን ወስጃለሁ» ብለው ያመኑት። ለዚህ ነው «በደሜ ነው» የሚለው እምነት የሚያሳስበኝ። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ካመነ እጁን መያዝ ያቆማል።

አሁን ወደዚያ ሰኞ ማታ እንመለስ። ሻይው ሲደፋ ዓይንዎ ያየውን አሚግዳላ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል በቅጽበት ላከ። በጆሮ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ነው። ሥራው «አደጋ አለ ወይስ የለም?» ማለት ነው፤ ቆም ብሎ አያጣራም። ከእሱ መልእክቱ ሃይፖታላመስ ወደሚባለው ሌላ የአንጎል ክፍል፣ ከዚያም ከኩላሊት በላይ ወዳሉት አድሬናል ዕጢዎች ይሄዳል። አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይመታል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህን ሁሉ የሚያረግበው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ፍሬኑ እሱ ነው። «ልጅ ናት፤ የፈሰሰው ሻይ ነው» የሚልዎት እሱ ነው። ችግሩ ከአሚግዳላ ዘግየት ብሎ መድረሱ ነው።

ዋልተር ሄስ የተባሉ የስዊዘርላንድ ሳይንቲስት ድመቶች ሃይፖታላመስ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው በኤሌክትሪክ ሲነኩት፣ ሰላማዊዋ ድመት ጸጉሯ ቆሞ፣ ጥርሷን አሳይታ፣ ለመቧጨር ትነሳ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ትረጋለች። በ1949 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት አንጎል የውስጥ አካላትን እንዴት እንደሚያዝ ባሳዩበት ሥራቸው ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥቃት አገኙ። ድመቷ ሳትጮህ፣ ጸጉሯ ሳይቆም፣ ቀስ ብላ ሄዳ አይጡን ትይዛለች። ይህ ቀዝቃዛው ነው፤ ንዴት የለበትም።

ይህን ያነሳሁት አንድ ነገር በሐቅ እንዲመልሱልኝ ስለምፈልግ ነው። ግልፍታዎ በድንገት መጥቶ በጸጸት የሚያልፍ ነው? ወይስ ባለቤትዎ ዝም እንድትል፣ እንዳትጠይቅዎት የሚያደርግ፣ ውሎ አድሮ የሚጠቅምዎት ነገር ሆኗል? የመጀመሪያው ለሕክምና እሺ ይላል። ሁለተኛው የንዴት ችግር አይደለም፤ በማስፈራራት የመግዛት ልማድ ነው። ለዚያ ክኒን የለውም። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው አያቸዋለሁ።

ባንክ ውስጥ የሰደበዎትን ደንበኛ «እሺ ጌታዬ» ይሉታል። ያን ጊዜም አሚግዳላዎ ይነድዳል፤ አድሬናሊንዎ ይወጣል። ብርጭቆ ግን አልወረወሩም። ፍሬንዎ ይሠራል ማለት ነው። ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው፤ ሰበብም ያሳጣዎታል። ጥያቄው ቤት ሲደርሱ፣ ይልቁንም ሰኞ ማታ፣ ፍሬኑ ለምን ይላላል የሚለው ነው።

ከጻፉልኝ ውስጥ መልሱ አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። በምርቃናው ሰዓት ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ከፍ ይላል፤ ሰው ጨዋታው ይጥመዋል። ሲለቅ ግን ይወርዳል። ሰኞ የሚሰማዎት ድካም፣ መነጫነጭ፣ ሐራራው፣ ሌሊት ዱካኩ ሁሉ ከዚያ ነው። ጨብሲው ምርቃናውን ያበርዳል ይባላል፤ እንቅልፉን ግን ይቆራርጠዋል። አልኮል ራሱ መጀመሪያ የሚያደነዝዘው ያንኑ ከግንባር ጀርባ ያለውን ክፍል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አንድ ሌሊት ሳይተኙ ያደሩ ጤነኛ ወጣቶች የሚረብሹ ሥዕሎች ሲያዩ አሚግዳላቸው በደንብ ከተኙት በ60 በመቶ ገደማ በልጦ ተነሳሳ። ከፍሬኑ ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ተገኘ። ከጫት፣ ከቢራና ከእንቅልፍ ማጣት በኋላ የሚመጣ ሰኞ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። ቀኑን ሙሉ በመስኮት የዋጡት ስድብ ይጨመርበታል። ምሳ ካልበሉ ደግሞ ረሃቡ አለ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማዝልዎ ጫቱንና ቢራውን ለስድስት ሳምንት እንዲያቆሙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። «ይበልጥ ትነጫነጫላችሁ፤ ብዙ ትተኛላችሁ» የምላቸው ሰዎች ሲያልፍላቸው አይቻለሁ። ለባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሯት። ቢራው በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ግን በድንገት አያቁሙ፤ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ግልፍ ሲልዎ ከክፍሉ ይውጡ። ይህን ሁሉም ይመክራል፤ ግን አወጣጡን ማንም አያስተምርም። ሰላም ባለበት ቀን ከባለቤትዎ ጋር አንድ ቃል ይስማሙ፤ «ልውጣ» ብቻ ይበቃል። ቃሉን ካሉ በኋላ ሌላ አይናገሩ፣ በር አይወርውሩ፣ መኪና አይንዱ። ግማሽ ሰዓት ቀስ ብለው ይራመዱ። ትንፋሽ ሲያስገቡ እስከ አራት፣ ሲያስወጡ እስከ ስምንት ይቁጠሩ። ረዥም ትንፋሽ ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያቀዘቅዛል። ከዚያ ባሉት ሰዓት ይመለሱ። ወጥቶ እኩለ ሌሊት የሚመለስ ሰው ሌላ ጸብ ይዞ ነው የሚመጣው።

«ትራስ ደብድብ፣ ይወጣልሃል» የሚሉዎትን አይስሟቸው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ብራድ ቡሽማን በ2002 እ.ኤ.አ. ይህን ፈትነውታል። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡት ከሁሉ ይበልጥ ተናደዱ። ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው የተቀመጡት ከሁሉ ይበልጥ በረዱ። ስፖርት ለጤናዎም ለእንቅልፍዎም ጥሩ ነው፤ ይሥሩ። በንዴት ሰዓት ግን ሰውነትን ማብረድ እንጂ ማሞቅ አይደለም የሚፈለገው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። አስቀድሞ ሌላ በሽታ አለመኖሩ መታየት አለበት። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ሰውን ያነጫንጫል፤ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል። ጭንቅላትዎን ተመትተው ያውቃሉ? ሌቬቲራሴታም የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ ሁለቱም አንዳንድ ሰው ላይ ቁጣ ያመጣሉ። ድብርትም መታየት አለበት። ወንዶች ድብርት ይዟቸው ሲመጡ «አዝኛለሁ» አይሉኝም፤ «ሁሉ ነገር ያናድደኛል» ነው የሚሉኝ። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ፣ ግልፍታው ከምክንያቱ እጅግ የበለጠና በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚያውቁት ራሱን የቻለ ሕመም አለ። በንግግር ሕክምና ይታከማል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው ሴሮቶኒን ላይ የሚሠራ ክኒንም አንዳንዶችን ይረዳል። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይጀመርም። ከፋርማሲ ዳያዚፓም ገዝተው ለመረጋጋት የሚወስዱ አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሱስ ያስይዛል፣ ከቢራ ጋር ትንፋሽ ያፍናል፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ጭራሽ ጠበኛ ያደርገዋል። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ።

ባለቤትዎን ገፍትረዋታል። ይህ የንዴት ምልክት ብቻ ሆኖ አይታለፍም፤ በሀገራችን የወንጀል ሕግም ወንጀል ነው። ሕክምናው እስኪሠራ እሷ መጠበቅ የለባትም። ከፈራች ከልጇ ጋር ወደ እናቷ ወይም ወደ እህቷ ቤት ብትሄድ አይከልክሏት፤ ሽማግሌ ልከው «ተመለሽ» አያስብሏት። እጅዎ እንደገና ከተነሳ ከቤት የሚወጡት እርስዎ ይሁኑ።

ልጅዎን ቁጭ ብለው፣ በእሷ ቁመት ሆነው ይቅርታ ይጠይቋት። አጭር ይሁን። «ብርጭቆውን መወርወሬ ጥፋት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሻይ መድፋት አያስቆጣም።» «ግን አንቺም…» ብለው አይጨምሩበት። በዚህ ዕድሜ ልጆች አባታቸው የተቆጣው በእነሱ ጥፋት ይመስላቸዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ በቅርብዎ ካለ ጤና ጣቢያም መጀመር ይችላሉ። እስከዚያው ግልፍ ያለዎትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የበሉትን፣ የተኙትን ሰዓትና የቃሙትን ጽፈው ይያዙ። ባለቤትዎ ፈቃደኛ ከሆነች አብራችሁ ሂዱ። ለሐኪሙ ብቻዋን የምትናገርበት ጊዜ እንዲሰጣትም እርስዎ ራስዎ ይጠይቁላት።