ኮረሪማ በቀጥታ ከገበሬው ለመግዛት ላሰብሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ የቅመም መሸጫ ልትከፍቺ ነው። ኮረሪማና እርድ በቀጥታ ከደቡብ ምዕራብ ገበሬዎች መግዛት ትፈልጊያለሽ። «የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ካለው ይበቃል ወይ? ገበሬው ተጠቃሚ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?» ብለሻል። እኔ ቦንጋ አካባቢ ከኮረሪማ አምራቾች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ሰርተፍኬቱ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ገበሬው ገንዘቡን መቼ እንደሚያገኝ ነው።

ለምን መሰለሽ፤ ኮረሪማ የሚበቅለው ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ፍሬው ከተክሉ ግርጌ፣ መሬት ለመሬት ይወጣል። ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቀይ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ዝንጀሮ ይቀድመዋል፣ ሌባ ይቀድመዋል፣ ከሁሉም በላይ ችግር ይቀድመዋል። ክረምት ላይ እህል ያልቃል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ልጆች ደብተር ይፈልጋሉ። ስለዚህ አረንጓዴውን ለቅሞ ይሸጣል። አንዳንዱማ ፍሬው ሳይደርስ ከነጋዴ ብር ወስዶ ጨርሶታል። ነጋዴው ቀዩንም አረንጓዴውንም በአንድ ዋጋ ይገዛል። ዋጋው አንድ ከሆነ ማን ይጠብቃል?

ልዩነቱን በእጅሽ ማየት ትችያለሽ። ከደረቀ በኋላ ከውጭ ሁሉም ቡናማ ስለሆነ ቅርፊቱን አትመኚው፣ ሰንጥቂው። በስሎ የተለቀመው ውስጡ ያለው ዘር ሞላ ያለ፣ ጠቆር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። በጥርስሽ ሰበር ስታደርጊው ሽታው ወዲያው ያውድሻል። ያለጊዜው የተለቀመው ገርጥቶ ተጨማዷል። ናሙና ሲመጣልሽ አንድ ሁለት ፍሬ አይተሽ አትለፊ፣ እፍኝ ሙሉ ሰንጥቂ። ጭስ ጭስ ካለሽ ምድጃ ላይ ተሰቅሎ የደረቀ ነው። ለቤት የሚወዱት አሉ፤ ለሽያጭ ግን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በፀሐይ የደረቀውን ጠይቂ።

እንግዲህ ለገበሬው ማድረግ የምትችይው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ከለቀማ በፊት ውል ግቢ፣ ከሒሳቡም የተወሰነውን ቀድመሽ ክፈይ። ለቀዩ የተለየ ዋጋ ቁረጪ፤ ያንን ዋጋም ገበሬው ለቀማ ሳይጀምር ይወቀው። እኔ እንዳየሁት ከማንኛውም ስልጠና በላይ ጥራት የሚያመጣው ይህ ነው።

ወደ ኦርጋኒኩ ልምጣ። የጫካ ኮረሪማ አብዛኛውን ጊዜ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም አያውቅም። ችግሩ የሚመጣው ከተለቀመ በኋላ ነው። ዩሪያ በነበረበት ከረጢት ይጨመራል። ለበቆሎ ነቀዝ መድኃኒት ከተቀመጠበት ጓዳ ይውላል። የወባ ርጭት ሲመጣ ጣሪያው ሥር እንደተሰቀለ ይረጭበታል። እዚህ ላይ የተዘናጋ ገበሬ ጫካ ውስጥ የለፋበትን ሁሉ ያጣል። አዲስ ከረጢትና የማድረቂያ ሸራ ገዝቶ መስጠት ብዙ ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። አሜሪካ ከገባ በኋላም ተጠንቀቂ። ጀርም ለመግደል ጨረር ወይም ኤትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ከተጠቀሙበት ኦርጋኒክ ብለሽ መሸጥ አትችይም፤ በእንፋሎት እንዲሠራልሽ አድርጊ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ «በማን ስም ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ባለ ትንሽ መሬት ገበሬ ለብቻው ወጪውን አይችለውም፣ ስለዚህ በቡድን ነው የሚወጣው። የከፈለው ላኪ ከሆነ ሰርተፍኬቱ የላኪው ነው። ገበሬው ያንኑ ኮረሪማ ለሌላ ገዢ ሲወስደው ኦርጋኒክ መሆኑን ማሳየት አይችልም፤ የመደራደር አቅሙ እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ በገበሬዎቹ ማህበር ወይም በማህበራቱ ዩኒየን ስም የወጣውን እመርጣለሁ፤ ከወጪው አንቺም ብታግዢያቸው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። እናንተ ጋ፣ አሜሪካ፣ የኦርጋኒክ ደንቡ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠበቅ ብሏል። እያንዳንዱ የኦርጋኒክ ጭነት የማስመጫ ሰርተፍኬት ይፈልጋል፣ አስመጪውም ራሱ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። ይህን ሳታጣሪ ብር እንዳትልኪ።

እርዱን ባጭሩ። ቴፒ አካባቢ ጥሩ እርድ አለ። በደንብ ሳይቀቀል የደረቀውን ግን ተይው፣ ስትሰብሪው መሃሉ ቀለሙ አንድ ዓይነት አይሆንም። ደግሞ ገበሬውን «ሁሉን ትተህ እርድ ብቻ ትከል» እንዳትዪው አደራ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ሲገባ በዝንጅብል ብቻ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ምን እንደደረሰባቸው አይቻለሁ። በሽታው በተበከለ ዘርና አፈር ስለሚዛመት ማሳውን በቀላሉ አይለቅም። ኮረሪማ፣ ቡና፣ ማርና እርድ አብረው ያሉበት ቤት አንዱ ቢከዳው ሌላው ይይዘዋል።

ሌላው፣ ለቀማውና ማድረቁ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። የማህበሩ መዝገብ ላይ ያለው ስም ግን የባል ነው። ሴቶቹ በራሳቸው ስም አባል ሆነው ክፍያው በእጃቸው እንዲገባ ከውሉ ላይ አስገቢው። ባሎቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ በኋላ ይለመዳል።

ማህበር ስትመርጪ የአምናውን የክፍያ መዝገብ አሳዩኝ በያቸው። የእያንዳንዱ አባል ኪሎ፣ ዋጋ፣ የተከፈለበት ቀንና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ መኖር አለበት። ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ቢልኩልሽ ይበቃል። ካሳዩሽ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ። «ቆይ፣ በኋላ» ካሉሽ ሌላ ማህበር ፈልጊ።