«አያርፍም» ስለሚባሉት ልጆቻችን፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በአእምሮ ጤና ሙያ የምሠራ ነኝ። በመንግሥት ትምህርት ቤት እየተማሩ ትኩረት ስለሚያንሳቸውና ባህሪያቸው ስላስቸገረ ልጆች የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

እናት፣ ከሐይቅ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። መምህሩ «ኤዲኤችዲ ሳይኖርበት አይቀርም» አለኝ። ቤት ውስጥ ግን ጭምት ነው።

እህቴ፣ እንግዲያውስ ለስሙ አትቸኩይ። ኤዲኤችዲ የሚባለው ልጁ ትኩረት የሚያጣበት፣ የሚቁነጠነጥበትና የሚቸኩልበት የአእምሮ እድገት ችግር ነው። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት ጀምሮ፣ ቢያንስ ለ6 ወር፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየት አለበት። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪለት፤ ሰሌዳው ብዥ የሚልበት ልጅም ይቁነጠነጣል። በመሀል ለሰከንዶች ፈዝዞ የሚመለስ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪ። ከሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ ልጁን ሳይጥል እንዲህ ያደርገዋል።

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦ በክፍሌ 70 ተማሪ አለ። ለአንዱ ብቻ ምን ላድርግ?

ድካምዎ ይገባኛል መምህር። ከበርና ከመስኮት አርቀው ፊት ያስቀምጡት። 10 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከሚሰጡት 3 ይስጡት፤ ሲጨርስ ሌላ 3። ሐሳቡ ሲሄድ ስሙን አይጥሩ፤ በአጠገቡ ሲያልፉ ጣትዎን ደብተሩ ላይ ያሳርፉ፣ ማንም ሳያይ ይመለሳል። ጠመኔ የሚያመጣው፣ ሰሌዳ የሚያጠፋውም እሱ ይሁን። ደህና ሲሠራ እዚያው ያመስግኑት፤ ለወሩ መጨረሻ የተቀጠረ ሽልማት ለእንዲህ ያለ ልጅ እንደሌለ ነው።

አባት፣ ከኩታበር፦ ልጄ ካልተገረፈ አይሰማም።

ወንድሜ፣ ዱላ ያስደነግጠዋል እንጂ ትኩረት አይሰጠውም። በትምህርት ቤትማ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከልክሎታል። አንድ የ9 ዓመት ልጅ «ለምን መጣህ?» ስለው የሹራቡን ክር እየመዘዘ «ክፉ ስለሆንሁ» አለኝ። ክፉ አልነበረም። ሲነገረው የኖረውን ነው የመለሰልኝ።

እናት፣ ከደሴ፦ መድኃኒቱ ያደነዝዛል ይባላል።

ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት የሚባለው መድኃኒት በልኩ ሲሰጥ አያደነዝዝም፤ ልጁ ከፈዘዘ መጠኑ እንዲታይ ለሐኪሙ ይነገር። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ሊያዛባ ይችላል፤ ስለዚህ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ እየተለካ ይቀጥላል። ከመጀመራችሁ በፊት ሳይቋረጥ ከየት እንደምታገኙት ጠይቁ። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን የሚቀድመው ወላጅ የሚሠለጥንበት የባህሪ ሕክምና ነው።

ጸበልና ዱዓስ?

ይቀጥል። መድኃኒቱን ግን አያስቋርጥ፤ ልጅ ማሰርና መምታትም አይኑርበት።

አያት፣ ከወልድያ፦ የልጅ ልጄ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በር ሲጋጭ ትበረግጋለች፣ ሌሊት ትቃዣለች፤ ትምህርቱም አልገባት አለ።

እማማ፣ ይህ የትኩረት ማነስ መስሎ የሚታይ የጦርነቱ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም የተለየ ነው። ሐኪም ዘንድ ይውሰዷትና ልክ ለእኔ እንዳሉኝ፣ ከበሩም ከቅዠቱም ሳያስቀሩ ይንገሩት።