ግማሽ መንገድ ላይ የሚገተረው ሞተር

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? አምስት ኪሎ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ የአንድ ትልቅ ሲንክሮነስ ሞተር (ከሚዞረው ማግኔት ጋር እኩል የሚሄድ) አነሳስ በማትላብ፣ ማለትም በኮምፒውተር ሞዴል፣ እየሠራሁ ነው። ባለ 4 ፖል (የማግኔት ጫፍ) ስለሆነ በደቂቃ 1500 ዙር መድረስ ነበረበት፤ እሱ ግን 750ን ትንሽ አልፎ ይገተራል። የሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሲነሳ ፊልዱ (የሚዞረው ክፍል፣ ሮተሩ፣ ላይ ያለው ጥቅል ሽቦ) መዘጋት አለበት ስለሚባል ጫፍና ጫፉን በቀጥታ አገናኝቼዋለሁ። እኩልታዎቹን ሦስቴ አጣራሁ። ምን አጠፋሁ? — እንቅልፍ ያጣው

መልስ፦ እኩልታህን ተወው፣ ደህና ነው። የሮተሩን ሁለት አቅጣጫዎች (ዲ እና ኪው አክሲስን) ለየብቻ የሚያየውን የፓርክን ሞዴል (በፈረንጆች 1929 የወጣውን) ባትጠቀም ኖሮ ይሄ ነገር ጭራሽ አይታይህም ነበር። እውነተኛ ሞተርም እንዲህ ያደርጋል።

በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ስቴተሩ (የማይዞረው ክፍል) የሚፈጥረው ማግኔት ወዲያው በ1500 ይዞራል፣ ከባዱ ሮተር ግን ገና ቆሟል። አራት ኪሎ ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሚኒባስ በለው። ቆመህ በሩን ብትይዝ ክንድህን ነው የሚነቅልህ፤ መጀመሪያ አብረኸው መሮጥ አለብህ። ሮተሩን የሚያስሮጡት ዳምፐር ባሮቹ (ሮተሩ ላይ የተቀበሩት በትሮች) ናቸው፣ ልክ እንደ ኢንዳክሽን ሞተር እስከ ሙሉ ፍጥነቱ 95 በመቶ አካባቢ ያደርሱታል፣ ዲሲው (አቅጣጫ የማይቀይረው ከረንት) ፊልዱ ላይ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እስከዚያ ፊልዱን ክፍት ከተውከው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያድርበትና ኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን መከላከያ ሽፋን) ይበላዋል። ለዚህ ነው የሚዘጋው። ግን የሚዘጋው በዲስቻርጅ ሬዚስተር (ከረንቱን በሚገታ) ነው እንጂ በባዶ ሽቦ አይደለም! ጥፋትህ እዚህ ጋ ነው። ፊልዱ አንድ አክሲስ ላይ ብቻ የተጠመጠመ ስለሆነ የሚፈጥረው ማግኔት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደፊት ይዞራል፣ ሌላው ወደኋላ። ወደኋላ የሚዞረው፣ ሮተሩ ግማሽ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ከስቴተሩ አንጻር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከግማሽ በታች ያግዝሃል፣ ከግማሽ በላይ ግን ፍሬን ይሆንብሃል። ጎርገስ የሚባለው ክስተት ይሄ ነው፣ ዳምፐሩ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ሳልረሳው፣ የመስመሩ ቮልቴጅ አይነቃነቅም ብለህ እንዳትነሳ። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው 5 እና 6 እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ወደ 80 በመቶ ከወረደ ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) 64 በመቶ ነው የሚቀርህ፣ በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚሄድ። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ከሆነ የመውጫውን ቫልቭ ዘግተህ አስነሳው፣ ሸክሙ ይቀልልሃል።

ዘንጉን እንደ አንድ ድፍን ብረት ቆጥረኸው ከሆነ ደግሞ የሚደብቅህ ነገር አለ። የሮተሩ ሁለት አክሲስ እኩል ስላልሆነ ቶርኩ በስሊፕ ፍሪኩዌንሲ (ሮተሩ ከማግኔቱ ወደኋላ የቀረበት መጠን፣ በኸርዝ) እጥፍ ይርገበገባል፤ ሲነሳ 100 ኸርዝ፣ እየፈጠነ ሲሄድ ወደ ዜሮ። በመሃል የዘንጉን የራሱን ንዝረት ካገኘው ጉድ ይፈላል። ሞተሩንና ፓምፑን ለየብቻ ክብደት ስጣቸውና መሃላቸው ስፕሪንግ አስገባ።

ዛሬ ማታ ግን ሬዚስተሩን ብቻ ንካ። ከፊልዱ ሬዚስታንስ 10 እጥፍ አድርገህ ጀምርና እንደገና 750 ላይ እስኪገተር ቀስ በቀስ ቀንሰው። የሚወጣልህን ግራፍ እንዳትጥለው፣ ለመመረቂያህ አንድ ምዕራፍ ይሆናል።