ስለ ራስሽ ማንበብ ይብቃሽ

በማኔጅመንት ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ እንደሆነ፣ ዕድሜሽም 23 እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ባለፉት ሁለት ዓመታት እጅሽ የገባውን የስኬት መጽሐፍ ሁሉ አንብበሻል፤ ‹‹አሁን ግን ምዕራፍ ሁለት ላይ ስደርስ ምዕራፍ ስምንትን እገምተዋለሁ›› ትያለሽ። ባለፈው ወር ለግዥ ረዳትነት ቃለ መጠይቅ ቀርበሽ ‹‹በቅርቡ ምን አነበብሽ?›› ተባልሽ፤ ማልዶ ስለመነሳት የሚያወራውን መጽሐፍ ጠቀስሽ። አንደኛው ጠያቂ ‹‹ጥሩ ነው፤ ለመሆኑ አቅራቢው ዕቃውን በሰዓቱ ባያደርስ ማልዶ መነሳትሽ ምን ይጠቅመናል?›› ሲልሽ ዝም አልሽ። አሁን የምትጠይቂው፣ ከዚህ ዓይነት መጽሐፍ ወጥቼ ቁም ነገር ያለው ኢ-ልብ ወለድ እንዴት ላግኝ ብለሽ ነው። ስለ አባትሽ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለተገኘው የስቶር ኪፐር ሥራም ጠይቀሻል፤ እመጣበታለሁ።

ያ ጠያቂ ደግሞ ክፉ ሰው አይመስለኝም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እጠይቅሽ ነበር።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ሥራ ፈላጊዎች ብዙዎቹ ይዘውት የሚመጡት ንግግር አንድ ነው። በራሴ እተማመናለሁ፣ ፈተናን እንደ ዕድል አያለሁ፣ ጫና አይበግረኝም ይላሉ። ከየት እንደተቀዳ ስለማውቀው አይገርመኝም። ቀጥዬ ‹‹እሺ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ወንበር ሲገዛ ወረቀቱ ከማን ተነስቶ ማን ጋ ያበቃል?›› ስላቸው ግን መልስ የለም። አራት ዓመት ማኔጅመንት ተምረው ማለት ነው። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ያነበቡት ሁሉ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንባቢው ስለሆነ ነው። ይቅር በይኝና፣ በ23 ዓመት ስለ ራስ የሚነበበው ገና ጥቂት ነው። ቀጣሪ ደሞዝ የሚከፍለው ደግሞ ከአንቺ ውጭ ስላለው ነገር ለምታውቂው ነው፦ ስለ ዕቃው፣ ስለ ደንበኛው፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሕጉ።

የስኬት መጻሕፍትን ዘርፍ በጅምላ ልጣለው ብል ግን የሳይንስ ሊቁ የማይክል ፋራዳይ ታሪክ አይፈቅድልኝም። ፋራዳይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገብቶ ሰባት ዓመት ቆየ፤ ለጥረዛ የሚመጡትንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። አንደኛው የአይዛክ ዋትስ፣ አእምሮን ስለ ማሻሻል የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ ቢታተም አንቺ ከሰለቹሽ መጻሕፍት ጎን ይደረደር ነበር። ዋትስ ማስታወሻ ያዝ፣ አዋቂዎች ሲያስተምሩ ሄደህ ስማ ብሎ ይመክራል። ፋራዳይ ምክሩን ተቀበለ፤ ከዚያ ግን ሌላ የምክር መጽሐፍ ፍለጋ አልተንከራተተም። የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካን የኤሌክትሪክ ጽሑፍና የጄን ማርሴትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያዘ፤ ያነበበውንም አቅሙ በፈቀደለት ዕቃ ራሱ እየሞከረ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1812 የጠራዡ ደንበኛ የሆነ ሰው የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች የሚከታተልበት ትኬት ሰጠው። የሰማውን በጥንቃቄ ጻፈ፣ ሥዕሉን ሣለ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከ። በ1813 ዴቪ በሚሠራበት የሳይንስ ተቋም፣ በሮያል ኢንስቲትዩሽን፣ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ልብ በይ፣ ዴቪ እጅ የገባው ጥራዝ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ ነው። ልጁ ትጉህ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ገጾቹን ገልጦ ያየዋል። የዋትስ መጽሐፍ ማስታወሻ መያዝን አስተማረው፤ በማስታወሻው የሚሞላውን ነገር ግን ከሌላ መደርደሪያ ማምጣት ነበረበት። አንቺ ማስታወሻ መያዙን ከተማርሽው ቆይተሻል።

የዘርፉ አባት የሚባለው ሳሙኤል ስማይልስም ቢሆን እንዲሁ ነው። ‹‹ሰልፍ ሄልፕ›› (ራስን መርዳት) የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1859 ከማሳተሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የባቡር መሐንዲሱን የጆርጅ ስቲፈንሰንን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ነበር፤ በኋላም የመሐንዲሶችን ታሪክ በበርካታ ቅጽ አወጣ። ምክሩን የቀዳው ሐዲድ ከዘረጉ፣ ቦይ ከቆፈሩ፣ ሸክላ ከሠሩ ሰዎች ሕይወት ነው። ዛሬ የሚወጡት አብዛኞቹ ከሌላ የምክር መጽሐፍ የተቀዱ ስለሆኑ ነው ምዕራፍ ስምንትን የምትገምቺው። (በነገራችን ላይ ጆን መሪ የተባለው አሳታሚ ያንን መጽሐፍ ባወጣበት ዓመት የዳርዊንን ‹‹የዝርያዎች አመጣጥ››ም አውጥቷል። ሁለቱም በገበያ ላይ ነበሩ፤ መምረጥ የአንባቢው ፋንታ ነው።)

እንዴት ላግኝ ላልሽው፣ ‹‹ሳይሞቱ መነበብ ያለባቸው መቶ መጻሕፍት›› የሚሉ ዝርዝሮችን ለጊዜው ተያቸው። ከጥያቄ ተነሺ፤ ጥያቄውም ከምትፈልጊው ሥራ ይምጣ። ያ ጠያቂ እኮ አንድ ጥሩ ጥያቄ ሰጥቶሻል፦ ዕቃ ለምን በሰዓቱ አይደርስም? ይህን ይዞ ለሚነሳ ሰው እኔ መጀመሪያ የምሰጠው ማርክ ሌቪንሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመውን ‹‹ዘ ቦክስ›› ነው። ስለ ኮንቴይነር ነው፤ አዎ፣ ስለዚያ የብረት ሳጥን አንድ ሙሉ መጽሐፍ። ማልኮም ማክሊን የሚባል የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 ‹‹አይዲል ኤክስ›› በምትባል መርከብ 58 ሳጥኖች ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ቀድሞ ወደብ ላይ እያንዳንዱ ጆንያ፣ በርሜልና ካርቶን በሰው ጉልበት ተራ በተራ ይጫን ነበር፤ መርከብ ከባሕር ላይ ያላነሰ ጊዜ ወደብ ታስሮ ይውል ነበር፤ ዕቃም ይጠፋ ነበር። መጽሐፉ የሚያሳይሽ ሳጥኑ ብቻውን ምንም እንዳልለወጠ ነው። ክሬኑ መለወጥ ነበረበት፣ መርከቡ መለወጥ ነበረበት፣ የሳጥኑ ልክ ሁሉም አገር ላይ አንድ እንዲሆን ለዓመታት መጨቃጨቅ ነበረባቸው፣ የወደብ ሠራተኞች ማኅበራት መደራደር ነበረባቸው። አንጋፋ ወደቦች ሲደርቁ ስማቸው ያልታወቀ ወደቦች ገነኑ። ይህን አንብቦ የጨረሰ ሰው ‹‹አቅራቢው ቢዘገይስ?›› ሲባል ቢያንስ መልሶ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል፦ የዘገየው የት ላይ ነው? ፋብሪካው፣ ወደቡ፣ ወረቀቱ ወይስ ክፍያው ጋ?

ከዚያ ሁለተኛውን መጽሐፍ ከእኔ አትጠብቂ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀርባ ታገኚዋለሽ። ስታነቢ በጣም የገረመሽን አንድ ገጽ ያዢና በመጨረሻ ወዳሉት ማስታወሻዎች ሄደሽ ጸሐፊው ያንን ከየት እንዳመጣው እዪ። የሚቀጥለው መጽሐፍሽ እሱ ነው። እኔ እስከ ዛሬ መጽሐፍ የምመርጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ከማስታወቂያም ከወዳጅ ጥቆማም ይሻላል።

ሳይገዙ መጽሐፍ መመዘንም ይቻላል። ሽፋኑን ተይውና መሐሉን ግለጪ፤ መግቢያውን ሁሉም ሰው አሳምሮ ይጽፈዋል። በገለጥሽው ገጽ ላይ የቦታ ስም፣ ዓመት፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አለ? ወይስ ‹‹አንድ የተሳካለት ነጋዴ›› የሚባል፣ ስምም አገርም የሌለው ሰው ነው የሚያወራው? ቀጥሎ ጸሐፊው ምን ሲሠራ የኖረ ሰው እንደሆነ ተመልከቺ። ስለ ሆስፒታል የጻፈው ሆስፒታል ውስጥ ውሏል? ስለ ንግድ የጻፈው ከመጽሐፉ ሌላ የሸጠው ነገር አለ? የመጨረሻው መመዘኛ ደግሞ ለእኔ ዋናው ነው፦ ጸሐፊው ሐሳቡ የማይሠራበትን ሁኔታ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ይናገራል? ሁልጊዜ፣ ለሁሉም ሰው ይሠራል የሚል መጽሐፍ መልሰሽ አስቀምጪው።

ቤተ መጻሕፍት ከገባሽ ደግሞ ቁጥሩን እወቂ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በየርዕሳቸው በቁጥር በሚደረድሩበት በዱዊ አመዳደብ አንቺ ስታነቢው የከረምሽው 158 ላይ ነው፤ የሥራ ስኬቱ ደግሞ 650.1። ከዚያ መደርደሪያ ራቅ በይና 330 ላይ ኢኮኖሚክስን፣ 500ዎቹ ላይ ሳይንስን፣ 620 ላይ ምሕንድስናን፣ 900ዎቹ ላይ ታሪክን ታገኛለሽ። ያሰብሽው መጽሐፍ ባይኖር እንኳ ጎረቤቶቹ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለውም ጎረቤቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ማንም ስለማይመክር። የአደጋ ምርመራና የኦዲት ሪፖርት አንብቢ። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የምሠራው የውስጥ ኦዲት ነበር፤ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ ይልቁንም እንዴት እንደማይሠራ የገባኝ ከሪፖርት ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 በተነሳች በ73 ሴኮንድ ስትፈነዳ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የምርመራ ኮሚሽኑ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው። ዋዜማው ላይ የሮኬቱ መሐንዲሶች ብርዱ የጎማ ማሸጊያውን እንዳያበላሸው ሰግተው አትነሳ እንዳሉ፣ አለቆቻቸው ውሳኔውን እንዴት እንደቀለበሱት ታነቢያለሽ። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ለብቻው የጻፈው አባሪ ደግሞ ጥቂት ገጽ ነው። የአደጋው ዕድል ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ መሐንዲሶቹ ከ100 አንድ አካባቢ ሲሉት፣ አስተዳዳሪዎቹ ከ100,000 አንድ ይሉታል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው! ማኔጅመንት ለተማረች ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ስለ አመራር የተጻፈ ነገር አላውቅም፤ ‹‹አመራር›› ብሎ ግን አይጀምርም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነፃ የሚያቀርበው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አለ፤ ፋራዳይ ስለ ሻማ ለወጣቶች የሰጠው ትምህርትም እዚያ ይገኛል፤ ከአንዲት ሻማ ተነስቶ አየርንና ውሃን ሁሉ ያስረዳል። ሪፖርቶቹም ነፃ ናቸው። ወንድምሽ ሊከፍልልሽ ያሰበውን የሦስት ቀን የማነቃቂያ ሥልጠና እንዳይከፍል ንገሪው። ብር ካለው ለትራንስፖርትሽ ይስጥሽ።

አሁን ወደ አባትሽ። ‹‹ሥራ እስክትይዢ ድረስ ከቅጥር ፈተና ጥያቄ ሌላ ነገር እንዳታነቢ›› ብለውሻል። አባትሽን አከብራለሁ፤ የደከሙበትን ልጅ ቤት ቁጭ ብላ ማየት ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ። በዚህ ግን ተሳስተዋል። አንቺ እንደነገርሽኝ የጽሑፍ ፈተናውን ሦስቴም አልፈሻል፤ የወደቅሽው ሰው ፊት ስትቀርቢ ነው። ያለፍሽውን ፈተና ደጋግሞ ማጥናት የወደቅሽውን አያስተካክልም። ይህንኑ በትሕትና ንገሪያቸው፤ የቀን ሁለት ሰዓት ለፈተና ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት ለመጽሐፍ ብለሽ ተስማሚ። እምቢ ካሉም አንዷን ሰዓት አትልቀቂ። ትልቅ ሰው ነሽ።

‹‹ዲግሪ ይዘሽ ስቶር ኪፐር?›› ማለታቸውን ግን ጭራሽ አልቀበለውም። ዲግሪው የአንቺ ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር አይደለም። እኔም የጀመርኩት ከንብረት ክፍል ነው። ግምጃ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የገባውን ዕቃ ከርክክብ ሰነዱ ጋር ያመሳክራል፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ይመዘግባል፣ ቆጠራ ሲመጣ ካርዱ 40 እያለ መደርደሪያው ላይ 37 ሲገኝ ሦስቱ የት ሄዱ ብሎ ራሱን ይይዛል። ያቺ የሦስት ዕቃ ልዩነት ከየትኛው ቀን እንደጀመረች ወደ ኋላ ሄደሽ ስትፈልጊ ግዥውን፣ ክፍያውን፣ ሰዉን፣ የቁልፉን አያያዝ ሁሉ ታውቂያለሽ። እዚያ ሆነሽ ስለ ኮንቴይነሩ ብታነቢ እያንዳንዱ ገጽ ይገባሻል፤ ቤት ሆነሽ ከምታነቢው ጋር አይገናኝም። ደሞዙ ትንሽ ነው ብለሻል። ትንሽ ነው፤ አሁን እያገኘሽ ካለሽው ግን ይበልጣል።

እንግሊዝኛው ይከብደኛል ላልሽው፣ በቀን አምስት ገጽ አንብቢ፤ ያልገባሽን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ አትሩጪበት፣ ሦስቴ የተመላለሰውን ብቻ እዪ።

ሲቪሽ ላይ ያነበብሻቸውን መጻሕፍት አትዘርዝሪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከተጠየቅሽ አንድ መጽሐፍ፣ ከእሱም ከሥራው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ተናገሪና ዝም በይ፤ ሌላውን እነሱ ይጠይቁሻል። የስቶር ኪፐሩ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል ብለሻል፤ ኦርጅናል ማስረጃሽንና ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሐሙስ ጠዋት ሂጂ።