ስሜን ፓርክ ውስጥ እሳት ማቋረጫ መስመር፦ ከእሳቱ ይብሳል ወይ?

«እሳት ሲነሳ ፓርኩን ሰንጥቆ መስመር ማውጣት ከቃጠሎው የባሰ አይጎዳም ወይ?» ላሉት፣ እሳቱ የሚበላው እንዲያጣ ዕፅዋቱ የሚጠረግበት ይህ መስመር መጉዳት አለመጉዳቱን የሚወስነው አቆራረጡ ነው። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩን እንደመታው ያለ ቃጠሎ ሲመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም።

አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ላዩ ቢነድም ከሥሩ ጉጥ (አፈር ውስጥ ካለው እብጠት) መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጉጡን በዶማ ከነቀሉት ግን አለቀለት። ስለዚህ ቁጥቋጦው በመጥረቢያ ከመሬት እኩል ይቆረጥ፤ እስከ አፈሩ የሚጠረገው መሃሉ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ይሁን። የመስመሩ ስፋት ቢያንስ የቁጥቋጦው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ 2 ሜትር አስታ 3 ሜትር ይፈልጋል፣ ከእሳቱ በላይ ባለ ዳገት ደግሞ ከዚያም በላይ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ እሳት ወደሌለበት ወገን ይበተን።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በክረምት ነው። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ሐምሌ ላይ ቦይ፣ ነሐሴ ላይ ቦረቦር ይሆናል። እሳቱ እንደጠፋ በየ10 ሜትሩ ሰያፍ የውኃ መቀልበሻ ይሠራለት፤ ከነሥሩ የተገፈፈው የጓሳ ሣርም ሳይደርቅ ይመለስ። ከብት መንገድ እንዳያደርገው ሁለቱም ጫፍ በቅርንጫፍ ይታጠር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አጭር ሣር ብቻ ባለበት መስመር አያስፈልግም፤ በእርጥብ ቅርንጫፍ ጠርዙን መምታት ይበቃል።