ደብረ ማርቆስ ያለ ቦይለር፣ ባሕር ዳር ያለ ስልክ

ጥያቄው ከባሕር ዳር ነው የመጣው። ጠያቂዋ ደብረ ማርቆስ ለሚኖሩት እናቷ 50 ሊትር የሚይዝ፣ ባለ 2,000 ዋት ቦይለር አስገጥማለች። ጠዋት ጠዋት ከስልኳ ላይ ልታበራላቸው ስማርት ሶኬት ገዛች። ቦይለሩ በበራ በ20 ደቂቃው ግን ስልኩ «ኦፍላይን» ይላል። ውሃው ሳይሞቅ ይቀራል። ቆየት ብሎ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። ችግሩ ዋይፋይ ነው ተብሎ ራውተር ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። «የተሻለው ስማርት ሶኬት የትኛው ነው? እማማ ደግሞ አንዳንዴ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል ይላሉ» ብላለች።

እህቴ፣ ራውተሩን ተይው። ሽታው ሁሉን ነግሮኛል። ዋይፋይ ቢሆን ኖሮ ቦይለሩ በራም አልበራም ይቆራረጥ ነበር። ያንቺ የሚጠፋው ቦይለሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሶኬቱ ውስጡ ግሎ ነው። ዛሬውኑ ደውለሽ ቦይለሩን ከብሬከሩ አስጠፊ። እስኪስተካከል እማማ ውሃቸውን በድስት ያሙቁ።

ሶኬቱ ላይ «16 አምፒር» ተጽፎ ለምን ጋለ ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቤት የሚቃጠለው በዚህ ነገር ነውና። 2,000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፒር ገደማ ነው። 16 ለሚችል ሶኬት ቀላል ይመስላል። ግን ሶኬት የሚግለው ስፒናው ከውስጡ ላላ ሲል ነው። የላላው ቦታ ግማሽ ኦም ብቻ (ኦም መብራቱ የሚገጥመው እንቅፋት መለኪያ ነው) ቢይዝ፣ 9 በ9፣ እሱን በግማሽ አባዢው፤ 40 ዋት ይመጣል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት መበየጃ 40 ዋት ነው! ያ ሁሉ ሙቀት ባቄላ በምታክል ቦታ ላይ ሲያርፍ አስቢው። እዚያው ሶኬት ላይ ስልክ ብትቻርጂ ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚያድገው በአምፒሩ ልክ አይደለም። አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ክፋቱ ደግሞ አለ። የጋለው ብረት ይጠቁራል፣ ስፕሪንጉ ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ የበለጠ ይላላል፣ የበለጠ ይግላል። ዛሬ ሽታ ብቻ ነው፤ ነገ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ርካሽ ሶኬት ውስጥ ያለው ነሐስ እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ነው፤ የተጻፈበትን አምፒር ለአንድ ሰዓት ተሸክሞ የሚቆይ ስንት አለ? ስለዚህ ሌላ ስማርት ሶኬት አትግዢ። ቦይለር ስፒና ላይ መንጠልጠል የለበትም።

የላክሽው ፎቶ ደግሞ አናዶኛል። የቦይለሩ የራሱ ስፒና ተቆርጦ በባለ ሁለት እግር ተተክቷል። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ የሾለከ መብራት ወደ መሬት የሚያወርደው ኧርዙ ማለት ነው፣ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ይህን የሠራ ሰው እጅ ስፓናም ሆነ ካቻቢቴ ባይገባ ይሻል ነበር። የቦይለር ማሞቂያ ብረት አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ያን ቀን መብራቱ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ እናትሽ ደግሞ ሻወር ሥር ናቸው። ኧርዝ የሌለው ቦይለር አይበራም።

እንዲህ ይሠራ። ከቆጣሪው ቦርድ ለቦይለሩ ብቻ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ መስመር ይሳብ። 16 አምፒር ብሬከር፣ ከሱም ጋር መብራት ሲሾልክ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ የሊኬጅ መከላከያ ይግባ። ቀጥሎ ፌዙንም (መብራት የያዘውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን) አብሮ የሚቆርጥ ባለ 25 አምፒር ኮንታክተር፣ ማለትም ኮይል የሚባል የሽቦ ጥቅልሉ መብራት ሲያገኝ የሚዘጋ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ። ስማርት ሪሌዋ፣ ከስልክ የምትታዘዘው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የምታዘው የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ይሆናል፤ ኮይሉ ከአንድ ትንሽ አምፖል የባሰ አይጎትትም። ሁለቱንም መቁረጡን የምወደው ስማርት ሶኬት የሚቆርጠው አንዱን መስመር ብቻ ስለሆነ ነው። ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ኒውትራሉን ይቆርጥና ቦይለሩ «ጠፍቷል» እየተባለ ፌዝ እንደያዘ ይቀመጣል።

ሪሌዋን ስትመርጪ ሦስት ነገር እይ። እማማ ስልክ ሳይፈልጉ በእጃቸው የሚጫኑት ማብሪያ ማጥፊያ የሚታሰርላት ትሁን። የሰዓት ፕሮግራሟን በራሷ የምትይዝ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማትረሳ ትሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣም ጠፍታ እንድትቆይ ማዘዝ ይቻል። አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚያዩት፤ ራውተሩ ላይ እሱ ክፍት ይሁን። የቦይለሩን የራሱን ቴርሞስታት፣ ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋውን ማለት ነው፣ ግን ማንም እንዳይነካው፤ 60 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ።

የኧርዙ ዘንግ ነገር፦ ጎጃም ውስጥ ብዙ ቦታ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት እርጥብ ስለሆነ ኧርዙ ጥሩ ይሠራል። በበጋ ግን አፈሩ ይሰነጠቅና ዘንጉን ይለቀዋል። ስለዚህ ጠለቅ ተደርጎ፣ የማጠቢያ ውሃ የሚፈስበት አካባቢ ይቀበር፤ ሚያዝያ ላይም ይለካ። አሁንም እላለሁ፣ ኧርዝ ሳይኖር ቦይለሩ አይበራም፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎም ቢሆን።

ሌላው፣ ስልክሽ የቦይለሩ ታንከር ውስጥ ውሃ መኖሩን አያውቅም። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ታንከሩ ወደ ኋላ እንዳይፈስ መግቢያው ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ጤነኛ መሆኑን አስፈትሺ። ባዶ ታንከር ማሞቂያ ብረቱን በደቂቃዎች ያቃጥላል።

ሰዓቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በ2,000 ዋት 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። እማማ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚታጠቡ ከሆነ ከሌሊቱ 11፡45 ላይ መብራት አለበት። ስልኩ ላይ ግን የምትጽፊው 5፡45 ነው፣ እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነውና። 11፡45 ብለሽ ከጻፍሽ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ያበራዋል።

ተገጥሞ ሲያልቅ ኤሌክትሪሺያኑ ወዲያው አይሂድ። አንድ ሰዓት ሙሉ ያሙቀው። ከዚያ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ እያንዳንዱን መታሰሪያ በጣቱ ይዳስስ። እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ያለበት ካለ እሱ ላልቷል፤ ፈትቶ እንደገና ይሠር።